ዘበኛ ለመሆን ተያዥ፣ ጄኔራል ለመሆን ወዳጅ?

አራት ኪሎ፣ ጋዜጣ ከሚሸጥበት ጥግ አለፍ ብሎ ያለው አዲስ ሕንፃ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። የጥበቃ ሠራተኛ ይፈልጋል። የሚቀጠረው ሰው ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ በውትድርና ያገለገለ ቢሆን የሚመረጥ፣ ከወንጀል ነፃ ለመሆኑ የጣት አሻራ ማስረጃ የሚያቀርብ፣ ጤናው የተመረመረ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ “በቂ ተያዥ” ማቅረብ የሚችል መሆን አለበት ይላል። ልብ በሉ፤ ይኸ ሁሉ አንድ በር ለመጠበቅ ነው። ለአንድ በር!

ማስታወቂያውን ያነበብኩት ብቻዬን አልነበረም። ከጋዜጣ ሻጩ ደጃፍ የማይጠፉ አንድ ጡረተኛ የመቶ አለቃ አሉ። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን አብረው ተበትነው፣ በ1990 ለባድመ ሲጠሩ “አቤት” ብለው ሄደው፣ ቆስለው የተመለሱ ሰው ናቸው። ስለ ጦር ጉዳይ ክርክር ሲነሣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ። ያን ዕለት አንድ ወጣት ስለ አሜሪካ ወሬ ከስልኩ ላይ እያነበበ ኖሮ፣ “የመቶ አለቃ፣ ይኸ ‘ናሽናል ጋርድ’ የሚሉት ጦር ለመሆኑ የማን ነው? አገረ ገዥው ‘የኔ ነው’ ይላል፤ ፕሬዚዳንቱ ‘የኔ ነው’ ይላል” አላቸው።

“አንተ ልጅ፣ ጦር የማን እንደሆነ ለማወቅ ባንዲራውን አትይ” አሉት። “አዛዡን ማን ሾመው? ምን አይቶ ሾመው? ማንስ ያወርደዋል? እሱን ጠይቅ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ይኸው ጋዜጠኛው ቆሟል፤ እሱ ይንገርህ” ብለው ነገሩን ጫኑብኝ።

ያን ዕለት የረባ መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው። ለነገሩ ጉዳዩ ከእኛ ጋር ጨርሶ ዝምድና የለውም ማለት አይቻልም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የስንቶቻችን ወንድምና እኅት ያለበት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ዘቡ በከተማዋ ሲሰማራ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረውና በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ደውሎ “ጣቢያው በር ላይ የደቡብ ካሮላይና ወታደር ቆሟል፤ ደቡብ ካሮላይና እዚህ ምን አላት?” ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እሱም መልስ ይገባዋል። (የደቡብ ካሮላይናን ነገር አትርሱ፤ እመለስበታለሁ።)

የአሜሪካ ብሔራዊ ዘብ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ጦር ይመስላል እንጂ 54 ነው። 50ዎቹ ግዛቶች፣ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ጉዋምና የቨርጂን ደሴቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘብ አላቸው። ሲደመር ወደ 430 ሺ የሚጠጋ ሰው ነው። አብዛኛው በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ልምምድ የሚወጣ መምህር፣ መካኒክ፣ ነርስ፣ ፖሊስ ነው። ጎርፍ ሲመጣ በጀልባ፣ ሰደድ እሳት ሲነሣ በሄሊኮፕተር፣ ረብሻ ሲነሣ ደግሞ በጠመንጃ የሚመጣው ይኸው ሰው ነው። የየግዛቱ ዘብ የበላይ መኮንን “አድጁታንት ጄኔራል” ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ኮከብ ነው። በአዘቦቱ ቀን አለቃው አገረ ገዥው ነው። ፕሬዚዳንቱ “ጦሩን ለፌዴራሉ ጠርቻለሁ” ያለ ዕለት ደግሞ ዘቡ የፕሬዚዳንቱ ይሆናል። መኮንኑ ሲሾም የሚምለው ለሁለት ሕገ መንግሥት ነው፤ ለአገሩም ለግዛቱም። የሚታዘዘውም ለሁለት አለቃ ነው። አባቶቻችን “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል” ይላሉ። ሁለቱ ባላዎች ወዲያና ወዲህ የሚጎትቱህ ቀንስ?

አሜሪካኖች ይኸን ነገር ሳያውቁ አልገቡበትም። ሕገ መንግሥታቸውን በ1787 ሲጽፉ (ከዚህ በኋላ የአሜሪካን ነገር ሳነሣ ዘመኑ በእነሱ አቆጣጠር ነው) አንዱ ትልቅ ፍርሃታቸው የማዕከላዊው መንግሥት ቋሚ ጦር ነበር። ከእንግሊዝ ንጉሥ ጦር ገና መገላገላቸው ነዋ! ስለዚህ ተዋዋሉ። የሚሊሺያውን ሥርዓት ኮንግረስ ይደንግግ፤ መኮንኖቹን መሾምና ጦሩን በዚያ ሥርዓት ማሠልጠን ግን የየግዛቱ ሥልጣን ይሁን ተባለ። ቃሉ ዛሬም አንቀጽ አንድ፣ ክፍል ስምንት ውስጥ አለ። ጠመንጃው የጋራ፣ ሹመቱ የቤት።

ሹመቱ የቤት ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት አብርሃም ሊንከንን መጥቀስ ይበቃል። በ1832 በኢሊኖይ ሚሊሺያ ውስጥ የሻምበል አዛዥ የሆነው ባልደረቦቹ መርጠውት ነው። የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ የወታደር ትምህርት የሚባል ነገር አልነበረውም። አንድ ቀን ሻምበሉን እየመራ ከጠባብ በር ቢደርስ፣ ሰልፉን በአንድ ረድፍ የሚያሳልፍበት ትእዛዝ ከአፉ ጠፋበት ይባላል። ምን ያድርግ? ሻምበሉን ለሁለት ደቂቃ በተነውና ከበሩ ማዶ እንዲሰለፍ አዘዘ። ሊንከን ሊንከን ስለሆነ ዛሬ እንስቅበታለን። ሊንከን ያልሆነ ሰው ሲሆን ግን የሚያስቅ አይደለም።

ከእስፓኝ ጋር በተደረገው የ1898 ጦርነት ሚሊሺያው ምን ያህል እንዳልተዘጋጀ በገሃድ ታየ። በ1903 ቻርልስ ዲክ የተባሉ፣ ራሳቸውም የኦሃዮ ዘብ ጄኔራል የነበሩ የኮንግረስ አባል ያመጡት ሕግ ወጣ። በ1916 ደግሞ ሌላ ሕግ ተጨመረና ዘቡ የዛሬ ስሙን ያዘ፤ መኮንኖቹም ማዕከላዊው መንግሥት ባወጣው መመዘኛ እንዲለኩ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ “የፌዴራል እውቅና” የሚባል ነገር አለ። አገረ ገዥው የወደደውን ሰው ጠርቶ በትከሻው ላይ ኮከብ ሊሰካለት ይችላል። የፌዴራሉ መርማሪ ቦርድ ትምህርቱን፣ አገልግሎቱንና ጤናውን አይቶ ካላጸደቀለት፣ ለጄኔራልነት ደግሞ ፕሬዚዳንቱ አቅርቦት የአገሪቱ ሴኔት እሺ ካላለ፣ ያ ኮከብ የሚያበራው በግዛቱ ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። ወሰኑን ሲሻገር ይጠፋል።

እሰይ፣ ተበጀ! ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ቀዳዳውን አገኘሁት።

የፌዴራሉ እውቅና የሚለካው ማዕረጉን ነው። የግዛቱ ዘብ አዛዥ ለመሆን ምን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ ግን የፌዴራሉ ሕግ እጁን ሰብስቦ ተቀምጧል። “በየግዛቱ አንድ አድጁታንት ጄኔራል ይኑር፤ ሥራውም የግዛቱ ሕግ የሚያዘው ነው” ብሎ ያልፋል። ለዋሽንግተን ዲሲ ብቻ ፕሬዚዳንቱ ይሹም፣ ማዕረጉንና ተፈላጊ ችሎታውንም ይወስን ይላል። ከሁሉም በላይ ለሚቀመጠው፣ ለብሔራዊ ዘብ ቢሮ ሹም ግን መመዘኛው ተጽፏል። ቢያንስ 10 ዓመት በዘቡ ውስጥ እውቅና ያገኘ መኮንን ሆኖ ያገለገለ፣ የገዛ አገረ ገዥው የደገፈው፣ ከብርጋዴር ጄኔራል በላይ የሆነ ይላል። ከላይ ላለው ዝርዝር አለ። ወታደሩን ከጎዳና ላይ ለሚያቆመው የግዛት አዛዥ ግን ነገሩ ለየግዛቱ ተለቋል። አንዱ ግዛት የአገልግሎት ዓመት ይቆጥራል፤ አንዱ ማዕረግ ይጠይቃል፤ አንዱ የግዛቱ ሴኔት ይስማማበት ይላል፤ ሌላው ለአገረ ገዥው ይተወዋል። ትንሿ ቨርሞንት ደግሞ የራሷ ፈሊጥ አላት። አዛዡን የሚመርጠው የሕግ መወሰኛው ጉባኤ ነው፤ በምስጢር ድምፅ፣ ለሁለት ዓመት። (ማርታ ሬይንቪል በ1997 በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አድጁታንት ጄኔራል የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ያውም በወንበሩ ላይ የነበረውን ጄኔራል አሸንፈው። አንድ አገረ ገዥ ብቻውን ቢሾም ኖሮ ያን ጊዜ ይደፍረው ነበር? እንጃ!)

“ተፈላጊ ችሎታ” የሚለው ቃል ሲነሣ እኔ ሆዴን ይበላኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ፈለገ። ዲፕሎማና የአራት ዓመት ልምድ ይል ነበር። እኔ ዲፕሎማ አለኝ፤ ልምዱም አለኝ። ፈተና ተፈተንኩ፤ አንደኛ ወጣህ ተባልኩ። በሳምንቱ ማስታወቂያው ተነሥቶ ሌላ ተለጠፈ። ዲፕሎማው ዲግሪ ሆኗል፤ አራት ዓመቱ ሁለት ሆኗል፤ “ኮምፒዩተር የሚችልና መንጃ ፈቃድ ያለው” የሚል ተጨምሯል። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ አዝኖልኝ ነው መሰል፣ “ወንድሜ፣ ይኸ በልክ የተሰፋ ማስታወቂያ ነው፤ ባለቤቱ ውስጥ ተቀምጧል” አለኝ። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ገባ። እኔም ይኸው በጽሑፍ ዋጋ የምኖር ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሹመት ሳስብ የማነሣት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ማስታወቂያው ነው የቀደመው ወይስ ሰውየው? መመዘኛው ተጽፎ ሰው ከተፈለገለት ሥራ ነው። ሰው ተይዞ መመዘኛ ከተፈለገለት ልብስ ስፌት ነው።

ወደ ጄኔራሎቹ ልመለስ። ሊትል ሮክ፣ አርካንሳስ፣ ሴፕቴምበር 1957። ዘጠኝ ጥቁር ልጆች ፍርድ ቤት የፈቀደላቸውን የነጮች ትምህርት ቤት ሊገቡ መጡ። አገረ ገዥው ኦርቫል ፎበስ የግዛቱን ብሔራዊ ዘብ ጠርተው ልጆቹን አስመለሱ። ያን ጊዜ የግዛቱ አድጁታንት ጄኔራል ሸርማን ክሊንገር ነበሩ። ለአገረ ገዥው የሚታዘዙ መኮንን ናቸውና ታዘዙ። በወሩ መጨረሻ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 101ኛውን አየር ወለድ ላኩ፤ የአርካንሳስን ዘብም ሙሉውን ለፌዴራሉ ጠሩት። ያን ጊዜ ያው ዘብ ልጆቹን ጠባቂ ሆነ። ያንኑ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ያንኑ ጠመንጃ የያዘ፣ ምናልባትም ያንኑ የጫማ ቀለም የቀባ ወታደር! በወሩ መጀመሪያ ሕፃን አስመላሽ፣ በወሩ መጨረሻ ሕፃን አጃቢ። የተለወጠው ነገር ከላይ የሚያዘው እጅ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1963፣ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የቆሙትን አገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስን በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ገለል እንዲሉ የጠየቁት ብርጋዴር ጄኔራል ሄንሪ ግራሃም የዚያው የአላባማ ዘብ መኮንን ነበሩ። ሰውየው የተማሩትን ያውቃሉ፤ ለማን እንደማሉም ያውቃሉ። ያ በር ደም ሳይፈስበት ተከፈተ።

በኬንት ግን ፈሰሰ። ሜይ 4 ቀን 1970፣ ኦሃዮ። የኦሃዮ ዘብ ወታደሮች በተማሪዎች ላይ በ13 ሴኮንድ ውስጥ 67 ጥይት ተኩሰው አራት ገደሉ፤ ዘጠኝ አቆሰሉ። በቦታው የነበሩት ከፍተኛ መኮንን የአድጁታንት ጄኔራሉ ምክትል ሮበርት ካንተርበሪ ነበሩ፤ ያን ዕለት ዩኒፎርም ሳይሆን ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ነበር የለበሱት። አገረ ገዥው ጄምስ ሮድስ ደግሞ በማግስቱ፣ በሜይ 5፣ ለሴኔት የፓርቲያቸውን ዕጩነት ለማግኘት የሚወዳደሩበት ምርጫ ነበረባቸው። አንዱ ነገር ሌላውን አመጣው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ምርጫ የደረሰበት ሹም ጦር ሲያዝ፣ “ጌታዬ፣ ይኸስ ይቅርብዎ” የሚል አዛዥ ከጎኑ ቢኖር አይጠላም ነበር። ፕሬዚዳንቱ ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚሽን በኋላ ተኩሱ አላስፈላጊና ይቅር የማይባል ነበር ብሎ ደመደመ። ልጆቹ ግን ተቀብረዋል።

እዚህ ላይ የመቶ አለቃው ቢኖሩ “እንግዲያው ሙያ ያለውን ሹም፤ አለቀ!” ይሉኝ ነበር። እሳቸውን አከብራለሁ፤ አላለቀም ግን። አላስካን እንይ። በዚያ ግዛት አድጁታንት ጄኔራሉ የጦሩ አዛዥ ብቻ ሳይሆን የአገረ ገዥው ካቢኔ አባልም ነው፤ ወታደርም ሚኒስትርም። በዘቡ ውስጥ የሴቶች መደፈር አቤቱታ ለዓመታት ሲወራ ቆየ። የቄስነት ሥራ የሚሠሩ የጦሩ መኮንኖች ጭምር ለአገረ ገዥው ነግረዋል። በመጨረሻ ከብሔራዊ ዘብ ቢሮ መርማሪዎች መጡና በሴፕቴምበር 2014 ሪፖርታቸው ወጣ። አቤት ባዮቹ በአመራሩ ላይ እምነት አልነበራቸውም፤ አድልዎና የበቀል ፍርሃት ነበረ ይላል። አድጁታንት ጄኔራል ቶማስ ካትከስ በአገረ ገዥው ጥያቄ ወዲያው ሥልጣን ለቀቁ። አገረ ገዥው ሾን ፓርኔልም በኖቬምበር ምርጫ ተሸነፉ። ካትከስ የወታደር ሙያ የሌላቸው ሰው አልነበሩም። መመዘኛ ጠፍቶ አይደለም ነገሩ የተበላሸው። አቤት የሚባልበት በር አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። አንዲት ወታደር አለቃዬ በደለኝ ብትል የምትሄደው ወደ አዛዡ ነው። ከአዛዡ በላይ ደግሞ አዛዡን የሾመው ሰው አለ። ሹሙ ቢወርድ ሿሚው አብሮ ያፍራል፤ ማን ማፈር ይወዳል? እናም ዝም ይባላል። የአበሻ ሰው “ዳኛው የገደለው ምስክር አያሻውም” ይላል እኮ!

እንግዲህ ደቡብ ካሮላይና። እመለስበታለሁ ብዬ አልነበር?

ይህች ግዛት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከ50ዎቹ ሁሉ የጦር አዛዥዋን በሕዝብ ምርጫ የምትመርጥ ብቸኛ ግዛት ነበረች። አዎ፣ ልክ እንደ ከንቲባ። ጄኔራሉ ፓርቲ አለው፤ ፖስተር አለው፤ የምርጫ ገንዘብ ይሰበስባል። ላይ ላዩን ሲያዩት ከዚህ የበለጠ ዴሞክራሲ የት ይገኛል? ግን ራሳችሁን በአንድ ሻለቃ ቦታ አድርጉት። አለቃህ ጄኔራል እየተወዳደረ ነው። ሌላ ኮሎኔል ደግሞ ተቀናቃኝ ሆኖ ተነሥቷል። ለማን ታዋጣለህ? ለማን ፖስተር ትለጥፋለህ? አለቃህ ካሸነፈ ያንተ ማዕረግ የሚወጣው በእሱ እጅ ነው። ተቀናቃኙ ካሸነፈም እንዲሁ። ዝም ብትል ደግሞ ሁለቱም ዝምታህን አይተዋል። ጦር ሰፈሩ ቀበሌ ሆነ ማለት ነው።

በኖቬምበር 2014 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። የሚደንቀው፣ በምርጫ የመጡትና በወንበሩ ላይ የነበሩት ጄኔራል ሮበርት ሊቪንግስተን ራሳቸው ለውጡን ደግፈዋል። ሕዝቡም በገዛ እጁ የነበረውን የመምረጥ ሥልጣን አሳልፎ ሰጠ። ግን በነፃ አልሰጠም፤ ቁልፉን ጨብጦ ነው የሰጠው። አዛዡን አገረ ገዥው ይሾማል፤ የግዛቱ ሴኔት ግን መክሮ መስማማት አለበት። የሥራ ዘመኑ ከአገረ ገዥው ዘመን ጋር አብሮ እንዲያልቅ አይደረግም። ማውረድ የሚቻለው በምክንያት ብቻ ነው፤ ፊቱ አላማረኝም ተብሎ አይወርድም። ተፈላጊ ችሎታው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሾም እንደሚሻር ደግሞ የሕግ አውጪው ጉባኤ በሕግ ይጻፈው። የሊቪንግስተን ጊዜ ሲያልቅ፣ በ2019 መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው በሹመት የመጣ አዛዥ ቦታውን ያዘ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የወደድኩት የዘመኑን ቅደም ተከተል ነው። ሕጉ የጸደቀው በ2014፣ ሰውየው የተሾመው በ2019። በመካከሉ ከአራት ዓመት በላይ አለ። መመዘኛውን የጻፉት ሰዎች ለማን እንደሚጽፉት ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ማስታወቂያው ቀደመ፤ ሰውየው ኋላ መጣ። መንጃ ፈቃድ የሚል ነገር አልተጨመረም።

ለአክስቴ ልጅ ጥያቄ መልሱ እንግዲህ እዚሁ አካባቢ ነው። የደቡብ ካሮላይና ወታደር ዋሽንግተን የተገኘው የራሱ አገረ ገዥ ፈቅዶ ስለላከው ነው። ዋሽንግተን ግን የሚከራከርላት አገረ ገዥ የላትም። የዘቧን አዛዥ የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ከንቲባዋ ማዘዝ አይችሉም። ይኸ ወደ ሌላ አቅጣጫም ቆርጧል። በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሕዝብ ምክር ቤቱን ሰብሮ ሲገባ፣ የዲሲ ዘብ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ዊሊያም ዎከር ወታደራቸውን ይዘው ፈቃድ ሲጠብቁ ቆዩ። በኋላ ለሴኔት እንደመሰከሩት የጠበቁት 3 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ነው። ሙያ ነበራቸው፤ ሰው ነበራቸው፤ አውቶቡስ ነበራቸው። የሌላቸው “ሂድ” የሚል ቃል ነበር።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የካሊፎርኒያው ነገር ነው። በጁን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ አገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም እየተቃወሙ የካሊፎርኒያን ዘብ ለሎስ አንጀለስ ጠሩ፤ መጀመሪያ 2,000፣ ቀጥሎ ሌላ 2,000። የጠሩበት ሕግ ትእዛዙ “በአገረ ገዥዎች በኩል” ይተላለፍ ይላል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ግን ትእዛዙን የላኩት ለአድጁታንት ጄኔራሉ ነው፤ እሳቸውም አስተላለፉ። ኒውሰም ከሰሱ። የመጀመሪያው ዳኛ ቻርልስ ብራየር ጁን 12 ቀን ለአገረ ገዥው ፈረዱ። በሳምንቱ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያን ውሳኔ አገደ። ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ፣ አድጁታንት ጄኔራሉ በግዛቱ ሕግ በአገረ ገዥው ስም ትእዛዝ የሚሰጥ ሹም ስለሆነ፣ ለሱ መድረሱ ለአገረ ገዥው እንደመድረስ ሳይቆጠር አይቀርም የሚል ነበር።

ይኸን ሁለት ጊዜ አንብቡት። አገረ ገዥው “አይሆንም” እያሉ፣ በስማቸው “ይሁን” ያለው የራሳቸው አዛዥ ነው። ጄኔራሉን አልወቅስም፤ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ይዘው ምን ያድርጉ? የምለው፣ ያ ሰው ሲሾም “ሁለቱ አለቆችህ ቢጣሉ ምን ታደርጋለህ?” ተብሎ መጠየቅ የነበረበት በሹመቱ ቀን ነው፤ ወታደር ተሰልፎ ከቆመ በኋላ አይደለም። ከጦር ኮሌጅ ዲፕሎማ ይልቅ የዚያ ጥያቄ መልስ ነበር ትልቁ ተፈላጊ ችሎታ።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ናሽናል ጋርድ የለንም፤ ልክ ነው። ግን ክልል አለን፤ ክልሎቻችንም ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ መጀመሪያ በሱማሌ ክልል በኋላም በሌሎቹ፣ “ልዩ ኃይል” የሚባል የታጠቀ ጦር ነበራቸው። ሕገ መንግሥታችንን አውጥታችሁ አንቀጽ 52ን አንብቡ። ንዑስ አንቀጽ 2፣ ፊደል ረ ላይ፣ ክልሉ የሠራተኞቹን ሕግ ሲያወጣ ለማንኛውም ሥራና ማዕረግ የሚጠየቀው የትምህርት፣ የሥልጠናና የልምድ መመዘኛ ከአገር አቀፉ የተቀራረበ መሆኑን ያረጋግጥ ይላል። ወዲያው ከሥሩ፣ ፊደል ሰ ላይ፣ ክልሉ የፖሊስ ኃይል ያደራጃል ይላል። ፖሊስ! ልዩ ኃይል የሚል ቃል የለም። ስሙ ያልተጻፈ ጦር የአዛዡ መመዘኛ የት ይጻፍ? ለጸሐፊና ለሒሳብ ሠራተኛ መመዘኛ ያዘዘ ሰነድ፣ ከባድ መሣሪያ ለታጠቀው ኃይል አዛዥ አንድ መስመር የለውም። የቀረው የሿሚው በጎ ፈቃድ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ መንግሥት ልዩ ኃይሎቹን እንደሚያፈርስ ሲናገር፣ በአማራ ክልል ከተሞች የተነሣውን ተቃውሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። ወታደሩ ለማን እንደሚታዘዝ ያን ሳምንት ገና ይጠየቅ ጀመር፤ አሜሪካኖች ከ1787 ጀምረው የሚጣሉበትን ጥያቄ።

አንድ እጅ ብቻውን የሾመው አዛዥ ለዚያው እጅ እንኳ አስተማማኝ ነው እንዳትሉኝ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ በዙፋናቸው ላይ የተነሣው የገዛ ክቡር ዘበኛቸው አዛዥ ነበር።

ይኸን ሁሉ ከትቤ ትናንት ወደ አራት ኪሎ ወረድኩ። ዕዳዬን ልከፍል የመቶ አለቃውን ፈለግኋቸው። ጋዜጣቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አድርገው ሕንፃው በር ላይ ቆመዋል፤ ማስታወቂያውን እንደገና ያነባሉ። ገና አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

“እሱን በኋላ ትነግረኛለህ። ስማኝማ ልጄ፣ ስምንተኛ ክፍሉ አለኝ። ውትድርናው አለኝ። አሻራውን ሰጥቻለሁ፤ ሐኪሙም ‘ደህና ነህ’ ብሎኛል። የጎደለኝ ተያዥ ነው። አንተ ትሆነኛለህ?”

“ጋሼ፣ ደስ ባለኝ ነበር። ግን የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ እኔ ደግሞ ቋሚ ደመወዝ የለኝም” አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ከማስታወቂያው ሥር ያለውን ስልክ ቁጥር በጋዜጣው ጠርዝ ላይ መገልበጥ ጀመሩ። ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከ ዓርብ ነው።